የፀጋአብ ቃና

ካርቱም፣ ቡሪ
ጥቅምት 9 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለማከብርሽ የአክስቴ ልጅ፣ ለእህቴ ለትዕዛዝ፤

ሰላምታዬ ከዚህ አገር አቧራ ቀድሞ ደጃችሁ ይድረስ። እናትሽ እትዬ ሸዋዓለም እንዴት ናት? ጉልበቷን ተሻላት? ዓይኗስ? አባቴን ስታገኚያቸው ጉልበታቸውን ሳሚልኝ።

እኛ ደኅና ነን። ዝም ያልነው ከማዮ ሰፈር ለቅቀን ቡሪ ስለገባን ነው። እዚህ በር ላይ ትንሽ የራዲዮና የቴሌቪዥን መጠገኛ ከፍቻለሁ። ወንድምሽ ፀጋአብ ራሱ ሊጽፍልሽ ነበር፤ ግራ እጁን የብየዳ ካውያ አቃጠለው። ግራኝነቱን ታውቂያለሽ፣ በቀኙ አንድ ፊደል አይጽፍም። ስለዚህ ለጊዜው ጸሐፊው እኔ ነኝ።

ከአንድ የተዘጋ ክበብ የገዛውን አሮጌ የጊታር አምፕሊፋየር ታስታውሺዋለሽ? በ88 የላከላችሁን ካሴት የቀዳበት፣ ውስጡ አምፖል የሚመስሉ ቫልቮች ያሉት። ሲገዛው ቃናው ሌላ ነበር። እኔ እጄን ካገባሁበት ወዲህ ግን ተበላሸ። ኮንደንሰሮቹ፣ ማለት ኤሌክትሪኩን አጠራቅመው የሚይዙት ዕቃዎች፣ አርጅተው ስለነበር በአዲስ ቀየርኳቸው። ጉምጉምታው ጠፋ፤ የድምፁም ለዛ አብሮ ሄደ። አሁን እንደ ዜና አንባቢ ጥርት ያለ ድምፅ ነው፣ የማንንም ሆድ አይነካም። ፀጋአብ የድሮውን ካልመለስክልኝ ብሎ አስጨንቆኛል።

እኛ ጋ የነበረው የ88ቱ ካሴት ቅጂ ቤት ስንቀይር ጠፋ። እባክሽ የእናንተን ደጋግመሽ ስሚና ድምፁ የት ላይ እንደሚሻክር፣ የት እንደሚለሰልስ ጻፊልኝ። በጆሮሽ ሆኜ ነው የምሠራው።

ወንድምሽ ሰይፈሚካኤል


ደሴ
ታኅሣሥ 21 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሰይፈሚካኤል፣ በእርሱም በኩል ለዚያ ሰነፍ፤

እናንተን በሰላም ያቆየ አምላክ አገራችሁ አግብቶ ያሳየን። እኛ በጸሎታችሁ አለን።

አሁን ወደ ጠቡ ልግባ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ነው ያንተ ነገር። የአባትህን ራዲዮ ፈታተህ ስትገጥም ሁለት ብሎን ተርፎህ፣ «እነዚህ ትርፍ ናቸው» ያልክ ቀን ነው ያወቅኩህ። አባትህ ራሳቸው ደኅና ናቸው። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ እኛ ቤት አረፍ ይሉና «ከልጆቹ ምን ተሰማ?» ይላሉ። ለእሳቸው ለብቻ ብትጽፍ ምን ነበረበት? እኔ ያንተን ደብዳቤ ጮክ ብዬ እያነበብኩ እኖራለሁ።

የፀጋአብን እጅ ነገር ለእናቴ ስነግራት «ልጅ ሳለ ያንን እጅ አስሬበታለሁ፣ ጦሱ ይሆን?» አለች። እውነት ነው፣ በግራው እንዳይጎርስ በነጠላዋ ጫፍ ታስርበት ነበር። በጊታሩ ግን አሸነፋት፤ የሌሎቹን ጊታር ገልብጦ ይዞ፣ ክሮቹን ሳይቀይር፣ ከቀጭኑ ወደ ወፍራሙ እየመታ አደገ።

ካሴቱን አራት ቀን ሰማሁት። ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ የተማሪዎቹን ደብተር ሳላርም። ያገኘሁት ይህ ነው። ወፍራሙን ክር ጠንከር አድርጎ ሲመታው ድምፁ መጀመሪያ ሰመጥ ይላል፣ ከዚያ ሻከር ብሎ ይነሳና ይጠራል። አልቅሶ ጉሮሮውን የሚጠራርግ ሰው በለው። ቀጫጭኖቹ ላይ ግን ምንም ሻካራ የለም። ከበስተኋላ ያ ጉምጉምታ አለ። እናቴ «ቤቱ ይተነፍሳል» ትለዋለች። አታጥፋው።

ዓይኗ ከመስቀል ወዲህ ጭራሽ አያይም። የቀራት ጆሮ ነው። «ያንኑ አሮጌውን ሰማሁት፤ ሳልሞት አዲስ ይላክልኝ» ብላለች። ይህን ከእኔ ሳይሆን ከእሷ ቁጠረው። ፀጋአብም በቀኙም ቢሆን እንደ ዶሮ ጭሮ አንድ መስመር ይጻፍላት።

እህትህ ትዕዛዝ


ካርቱም፣ ቡሪ
መጋቢት 30 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለእህቴ ለትዕዛዝ፤

የእናንተን ደጅ ሰላም የማያሳጣ ጌታ ይመስገን። ደብዳቤሽ ሦስት ሹፌር ቀያይሮ ደረሰኝ።

«ሰመጥ ይላል» ያልሽው ቃል በሩን ከፈተልኝ። አዲሶቹ ኮንደንሰሮች ብርቱዎች ናቸው፤ ክሩን ምንም ያህል ብትመቺው ኤሌክትሪኩ አይጎድልም፣ ድምፁም አይሰምጥም። ስለዚህ ከአሮጌ ራዲዮ የፈታሁትን ደካማውን መልሼ ከተትኩ። አሁን ጠንክሮ ሲመታ ለአፍታ ያንሰውና ሰመጥ ብሎ ይነሳል። ጉምጉምታውም ተመለሰ፣ ለእትዬ ቤቱ ይተነፍሳል በያት። ሌላም አለ። ከመውጫው ወደ መግቢያው ተመልሶ ድምፁን የሚገራ አንድ ሽቦ ነበር፤ ቆረጥኩት። ያኔ ሻከረ። ቀጫጭኖቹ ክሮች ላይም አብሮ ስለሻከረ ግን እሱን ለማለስለስ አንድ ወር እየለካሁ ነው። የስፒከሩን የተቀደደ ወረቀት በስስ ወረቀትና በሙጫ ጠግኛለሁ። ሐቡብ የሚሉት የአሸዋ ማዕበል በተነሳ ቁጥር አሸዋው ይገባበታል፣ በጨርቅ ጠቅልዬ ነው የማሳድረው።

ፀጋአብ ሰላም ብሎሻል። ቁስሉ ድኗል፣ ጣቶቹ ግን ለብዕር ገና ናቸው።

አንድ ጉዳይ። ስደተኞችን ወደ ሌላ አገር የሚወስዱት ሰዎች ዘንድ የፀጋአብ ነገር ወደፊት እየሄደ ነው። የክርስትና ካርዱንና የትምህርት ቤት ወረቀቱን ይፈልጋሉ። በአስተማማኝ ሰው እጅ ላኪልኝ። ፎቶግራፍ አያስፈልግም፤ ወረቀቱ ብቻ ይበቃል። ካሴቱንም በቅርቡ ትሰማላችሁ።

ወንድምሽ ሰይፈሚካኤል


ደሴ
ሰኔ 14 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሰይፈሚካኤል፤

የደከምክበትን የሚባርክ እጅህን ይባርክ።

የክርስትና ካርዱ ከእናቴ የዳዊት መጽሐፍ ውስጥ ወጣ። ስትሰጠኝ በጣቷ ዳሰሰችውና «ይህ ወረቀት ከወሰደው አገር ይመልሰው» አለች። የስምንተኛ ክፍል ወረቀቱም አብሮ አለ። ጋላባት የሚመላለስ ሹፌር አደራ ብዬው ይዟል።

ስለ ቀጫጭኖቹ፣ ልስላሴያቸው የቅቤ አይደለም። ጫፋቸው ላይ ትንሽ ደረቅ ነገር አለ፣ ጥፍር እንደነካው። እሱን እንዳታጠፋው። ቃና ማረም እንደምችል አላውቅም ነበር፤ ሥራዬን ለቅቄ ካንተ ዘንድ ልቀጠር።

ነገር ግን ተቀይሜያለሁ። ካንተ ሳይሆን ከእሱ ነው። ስምንት ወር ሙሉ ለእናቱ አንድ ፊደል የሌለው ምን ዓይነት እጅ ነው? ቅያሜዬን ሳትቀንስ ንገረው።

ትዕዛዝ


ካርቱም፣ ቡሪ
ኅዳር 2 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለእህቴ ለትዕዛዝ፤

እግዚአብሔር ያላችሁበትን ይጠብቅ። ወረቀቶቹ ደርሰውኛል። ስለዘገየሁ ይቅርታ፤ ክረምቱን ሙሉ መብራት ይመጣል ይሄዳል፣ ከሻ የሚሉት አፈሳም በርትቶ ነበር፣ ፖሊስ ወረቀት የሌለውን እያፈሰ ከሥራ ዋልን።

ካሴቱ ይኸው። ባቲ ነው፣ እትዬ የምትወደው ቅኝት። ቃናው ወጥቷል። ሃያ ዓመት ዕቃ ስፈታ ኖሬ እንደዚህ የኮራሁበት ሥራ የለም። ስሚና ፍረጂ።

ሰይፈሚካኤል


ደሴ
ታኅሣሥ 6 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለሰይፈሚካኤል፤

ካሴቱን አባትህ ባሉበት እሑድ ከፈትነው። አባትህ አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ። ቃናው ራሱ ነው፤ ሰመጠ፣ ሻከረ፣ ጠራ፣ ጥፍሩ እንኳ ቀጭኑ ክር ላይ አለ።

እናቴ አላለቀሰችም። ጭብጨባ የመሰለው ቦታ ላይ፣ ክሮቹን በአንዴ የሚጠርግበት ጋ፣ መልሺው አለችኝ። መለስኩት። እንደገና አለችኝ። በስድስተኛው «ይህ ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ነው የሚወርደው። ይህ ቀኝ እጅ ነው» አለች። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞራ ተኛች። ቀኑ ገና ዘጠኝ ሰዓት ነበር።

አባትህ «እጁ ተቃጥሎ አይደል፣ ቀኙን ለምዶ ይሆናል» አሉ። እኔም እሱን ልመን ብዬ ሌሊቱን ታገልኩ። አሥራ ስድስት ዓመት በግራው የመታ ሰው በአንድ ዓመት በቀኙ እንዲህ አይመታም፤ ይህን ለማወቅ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም።

ማን ነው የመታው? ፀጋአብ የት ነው? ሌላ ነገር አትጻፍልኝ። ስለ ኮንደንሰር አትጻፍልኝ።

ትዕዛዝ


ደሴ
መጋቢት 11 ቀን 1991 ዓ.ም.

ሰይፈሚካኤል፤

ሦስት ወር ጠበቅኩህ። ስላልመለስክ የራሴን ሰው ላክሁ። የጎረቤታችን ልጅ ሬሕማ እዚያው ካርቱም ሰው ቤት ትሠራለች። ለፈቃድ መጥታ ስትመለስ አድራሻህን ሰጠኋት። የጻፈችልኝ ደብዳቤ ከፊቴ አለ። እሷ እንዳለችው ልጻፍልህ።

«ትዕዛዝዬ፣ ጁምዓ ቀን እመቤቴ ፈቅዳልኝ ቡሪ ሄድኩ። ባለሱቁን ፀጋአብ ሐበሺውን ፈልጌ ነው አልኩት። ‹አይዋ፣ ራዲዮ የሚሠራው› ብሎ በሩን አሳየኝ። ወላሂ ደስ ብሎኝ ገባሁ። የተቀመጠው ግን ሰይፈሚካኤል ነው፣ በልጅነቴ የማውቀው። አላወቀኝም። ደንበኛው ‹ያ ፀጋአብ› ሲለው አቤት ይላል። እኔም ምንም ሳልል ባትሪ ገዝቼ ወጣሁ። ሰፈሩን ብጠይቅ ሰይፈሚካኤል የሚባል ማንም አያውቅም። ከዚያ ማዮ ሄጄ የድሮ አከራያቸውን ሉጥፊያን አገኘኋት። ‹ግራኙ? አላህ ይርሐሙ› አለችኝ። ‹እዚሁ ግቢዬ ውስጥ ከዚያ መስታወት አምፖል ካለው ሳጥን ጋር ሞቶ አገኘነው፣ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው› አለች። ትዕዛዝዬ፣ መርዶ ነጋሪ አደረግሽኝ፣ አፉ በይኝ።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። የማዮ ሰው፣ አከራይዋ፣ ቀባሪው ሁሉ ያውቃል፤ እኔና እናቱ ግን ስለ ጉምጉምታ እንጻጻፋለን።

እናቴ ይህን ገና አልሰማችም። መልስህን እጠብቃለሁ። ዋሽተህ ከመለስክ ግን አልጠብቅም።


ካርቱም፣ ቡሪ
ሚያዝያ 25 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለእህቴ ለትዕዛዝ፣ እህቴ ለማለት ከፈቀድሽልኝ፤

ሰላም ለማለት ፊት የለኝም፣ ግን ሰላም ለእናንተ ይሁን።

የሞተው ሰኔ 9 ቀን 1989 ነው። አምፕሊፋየሩን ቃናውን ላሻሽል ብዬ ከፍቼው ነበር። የሥራው ሕግ ይህ ነው፤ ሶኬቱን ብትነቅይም ኮንደንሰሮቹ ኤሌክትሪኩን ይይዛሉ፣ ሳታራግፊ አትነኪም፣ ስትነኪም አንድ እጅሽን ኪስሽ ውስጥ ታስገቢያለሽ። ይህን ለሰው ሁሉ አስተምራለሁ። የዚያን ቀን የብየዳ ሊድ አለቀብኝና ልገዛ ወጣሁ። ፀጋአብ ማምሻውን የሚጫወትበት ሐፍላ፣ ማለት ድግስ፣ ነበረው፤ ቸኩሏል። «ልነካው?» አለኝ። «ነቅዬዋለሁ፣ ችግር የለውም» አልኩት። አላራገፍኩትም ነበር። በዚያው ግራ እጁ ነካው። ስመለስ ሉጥፊያ በሩ ላይ ትጮሃለች።

ችግር የለውም ያልኩት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው አልነበረም።

የቀበርነው ሰዎች «እንጻፍ» ሲሉ እኔ ከለከልኩ። መርዶ በፖስታ አይላክም፣ የቅርብ ዘመድ ሄዶ በማለዳ ሽማግሌ ይዞ ነው የሚያረዳ፣ ያ ደግሞ እኔ ነኝ አልኳቸው። ለመምጣት አስቤ ነበር፣ እውነቴን ነው። በአርባኛው ቀን ግን ስደተኞችን ከሚወስዱት ከነዚያ ሰዎች ዘንድ ወረቀት መጣ፤ ፀጋአብን ለሌላ አገር ተቀብለውታል። የእኔ ከሁለት ዓመት በፊት ውድቅ ተደርጓል። ልጆች ሳለን መንታ ይሉን እንደነበር ታውቂያለሽ። ስሙን ይዤ ቡሪ ገባሁ። መጀመሪያ ለአንድ ወር ብቻ ነበር ያልኩት።

ካሴቱን የመታው ጂብሪል የሚባል የሠርግ ጊታረኛ ነው፣ የሚያውቀው ነገር የለም። ገልብጦ የሚመታ ግራኝ ፈለግኩ፣ አላገኘሁም። አቅጣጫው በካሴት አይለይም፣ ቃናው ይሸፍነዋል ብዬ ራሴን አሳመንኩ። እትዬን ደስ ላሰኛት ነበር። ይህንንም እመኚኝ፤ ቃናው ሲወጣ ብቻዬን ተቀምጬ ያለቀስኩትን ያህል በቀብሩ አላለቀስኩም።

ጉዞው ለነሐሴ ተቆርጧል። አንድ ልመና አለኝ። ሰዎቹ ወደ ቤተሰብ ጽፈው ሊያጣሩ ይችላሉ። ከጻፉልሽ፣ ፀጋአብ ካርቱም አለ በያቸው። ለእትዬም አትንገሪያት፣ ይህችን ዕድሜዋን በሰላም ትጨርስ። እዚያ ስደርስ በእሱ ስም እንደ ልጅ እጦራታለሁ። አለዚያ እኔም እዚሁ ቀረሁ፣ እሱም በከንቱ ሞተ።

ሰይፈሚካኤል


ደሴ
ሰኔ 20 ቀን 1991 ዓ.ም.

ሰይፈሚካኤል፤

ሰላምታ የለኝም።

ለሞቱ አልቀየምህም። ረሳህ፣ ሰው ይረሳል። ያን ቃልህን ይዘህ ትኖራለህ፣ እኔ አልጨምርበትም። የተቀየምኩህ ጆሮዬን ስለወሰድክ ነው። ወንድሜ በሞተ በስድስት ወሩ እኔ ካሴት እየመለስኩ የት ጋ እንደሚሻክር ለገዳዩ ሳጥን መድኃኒት እጽፋለሁ። እናቴን የምታታልልበትን ድምፅ ያበጀሁልህ እኔ ነኝ። በዚያ ላይ እየቀለድኩ። ያንን ደብዳቤዬን ስታነብ ሳቅክ? ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ሲሉ እሰማ ነበር፣ አሁን ወደቅኩ።

መርዶ በፖስታ አይላክም አልክ። የሞተ ሰው ሰላምታ ግን በፖስታ ይላካል? የክርስትና ካርድ በፖስታ ይጠየቃል?

እናቴን አረዳናት። ሽማግሌዎቹ ባለፈው ቅዳሜ ገና ሳይነጋ መጡ። የበሩን ድምፅ ስትሰማ ተነሥታ ተቀመጠችና «እጁን የሰማሁ ዕለት ለብቻዬ አልቅሼዋለሁ፣ አሁን ከሰው ጋር ላልቅሰው» አለች። ስድስት ወር ያህል እኔን እንዳይከፋኝ ብላ ዝም ብላ ኖራለች። እኔም እሷ እንዳይከፋት ብዬ ዝም ብያለሁ። አንተ የሠራኸው ቤት ይህን ይመስላል።

ሰዎቹ ከጻፉልኝ እውነቱን ነው የምመልስላቸው። በእሱ ስም የመጣ መጦሪያ እናቴ አትበላም፤ ይህን ያለችው እሷ ናት።

አንድ ነገር ቀረኝ። አባትህ ሦስቱንም ቀን ለቅሶ ተቀመጡ። በሦስተኛው ቀን ሰው ሲቀንስ ጠርተውኝ፣ «የእኔስ ልጅ? አብሮት አልነበረም? ለእኔ እኮ ጽፎልኝ አያውቅም» አሉ። ደኅና ነው ልላቸው አፌን ከፍቼ ነበር። ከዚያ ሬሕማ የጻፈችውን ነገርኳቸው፤ «ቡሪ ሄዳ ብትጠይቅ ሰይፈሚካኤል የሚባል ማንም አያውቅም አሏት» አልኳቸው። ከዚህ አንድ ቃል አልጨመርኩም፣ አንድም አልዋሸሁም። ደብዳቤዎችህ የቅርብ መሆናቸውን ልነግራቸው እችል ነበር። አልነገርኳቸውም። ዱላቸውን ይዘው ተነሡ፣ ሳይሰናበቱኝ ወጡ።

በማግሥቱ ጥቁር ለብሰው፣ ጠጉራቸውን ተላጭተው መጡ። ሰዉ እየተነሣ እግዜር ያጽናዎት ይላቸዋል።

ዛሬ ቄሱ ለተዝካር ጸሎት ስም ሊቀበሉ መጥተው ነበር። የፀጋአብን የክርስትና ስም ጠየቁን። ካርዱ አንተ ጋ ነው፣ እናቴ ግን በቃሏ ታውቀዋለች፣ ነገረቻቸው። ከዚያ አባትህ ወደ ቄሱ ጠጋ ብለው ያንተን የክርስትና ስም ፊደል በፊደል አስጻፉ፤ በትክክል መጻፉን ለማየትም የራሳቸውን መነጽር አወጡ። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ወረቀቱን ያዝኩላቸው።

ትዕዛዝ